ድንገተኛው ሞልቷል ተብሎ አምቡላንስ ከበር ይመለሳል እንዴ?

የአራብሳዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ቦሌ አራብሳ ኮንደሚኒየም ነው የምኖረው። ሰሞኑን አክስቴ ታማብን ያየሁትን ካየሁ በኋላ ዝም ማለት ስላቃተኝ ነው የምጽፈው።

አክስቴ ስኳር አለባት። ያን ቀን ስታስመልስ ዋለች። ማታ ላይ ትንፋሿ ፈጠነ፣ የምታወራውም መያዣ መጨበጫ አጣ። አምቡላንስ ደወልን፣ መጣ። እስከዚህ ድረስ ቅሬታ የለኝም። ልጆቹ ሰው አክባሪ ናቸው፣ ኦክሲጅን አደረጉላት፣ እኔንም አረጋጉኝ።

ጉዱ ከዚያ በኋላ ነው። በአያት፣ በሲኤምሲ አድርገን፣ መገናኛን በስንት ጭንቅ አልፈን አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ደረስን። ስሙን አልጠራም፣ ከማንም ጋር መካሰስ አልፈልግም። ጥበቃው ገና በሩን ሳይከፍት «ድንገተኛ ሞልቷል» አለን። አንዲት ነርስ ወጣች፣ የአምቡላንሱን የኋላ በር እንኳን ሳታስከፍት «አልጋ የለም፣ ሌላ ቦታ ሞክሩ» ብላን ተመለሰች። ባለሙያው ለመናት፣ ስልክ ደወለ፣ አልሆነም። ሌላ ቦታ ሄድን፣ እዚያም ያው። በመጨረሻ የተቀበሉን ቦታ ስንደርስ ሌሊቱ ተጋምሷል። አሁን ደህና ናት፣ ተመስገን።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። አንድ ሆስፒታል ሞልቷል ብሎ አምቡላንስ መመለስ ይችላል? ውጭ አገር ራሱ ድንገተኛው ሲጨናነቅ አምቡላንሶችን ወደ ሌላ ሆስፒታል የማዞር አሠራር አለ ሲባል ሰምቻለሁ። ታዲያ የኛ ከዚያ በምን ይለያል? እንደኛ ከተማው ጫፍ ላይ ያለ ሰውስ ምን ማድረግ አለበት? በተለይ የሕክምና ሰው ካለ ይመልስልኝ። «እግዜር ይማርልሽ» ብቻ ብላችሁ እንዳታልፉኝ።


ብሎክ 87

በመጀመሪያ እግዜር ይማርልሽ (ይቅርታ፣ ግን ሳይባል አይታለፍም)።

እኔ በግልጽ ነው የምናገረው። «አልጋ የለም» ማለት ልማድ ሆኗል። ሰው ካለህ አልጋ አለ፣ ሰው ከሌለህ የለም። ባለፈው የጎረቤታችን ልጅ ሲታመም አልጋ የለም ተብሎ ውጭ ቆመን ሳለ አንድ የሚያውቁት ሰው ደወለ፣ አልጋው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ተገኘ። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። አምቡላንስ ውስጥ ሆናችሁ አትደራደሩ። አውርዳችሁ ድንገተኛው ደጃፍ ላይ አስተኙ። ዓይናቸው እያየ አይተዉትም።


የሌሊት ተረኛ

ድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። የት እንደምሠራ አልናገርም።

ብሎክ 87 ያልከው ያናድደኛል ግን ውሸት ነው አልልህም። ሰው ያለው አልጋ ሲያገኝ እኔም አይቻለሁ። ግን እሱ ቢቀር ነገ ጠዋት አልጋ ይተርፋል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው።

ድንገተኛ የሚሞላው በበር በሚገባው ሰው ብዛት ብቻ ይመስላችኋል። ዋናው ችግር መውጫው ነው። አንድ ሰው መጣ፣ ታየ፣ ሕክምና ተጀመረለት፣ ይተኛ ተባለ። ዋርድ (የተኝቶ ሕክምና ክፍል) ላይ ባዶ አልጋ የለም። ስለዚህ እኛው ጋ ይቆያል። ድንገተኛ ውስጥ ማንም ከ24 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ሆስፒታሎች ሪፖርት ከሚያደርጉባቸው መለኪያዎች አንዱ ራሱ ይሄ ነው። በተግባር ግን ቀናት የሚቆይ አለ። አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) የሚጠብቅ፣ የኦፕራሲዮን ተራ የሚጠብቅ፣ ከክልል በሪፈር መጥቶ መመለሻ ያጣ፣ ታክሞ ጨርሶ የሚወስደው ዘመድ የሌለው። አልጋ ሲያልቅ ስትሬቸር፣ ስትሬቸር ሲያልቅ ወንበር፣ ወንበር ሲያልቅ ኮሪደር ላይ ፍራሽ። ደግሞ «አልጋ የለም» ሲባል ብዙ ጊዜ የሌለው ብረቱ አይደለም። የኦክሲጅን መስመር ነው፣ ሞኒተር ነው፣ ከሁሉም በላይ ነርስ ነው። እኔ በአንድ ሌሊት ልከታተለው ከምችለው በላይ ሰው ተቀብዬ አንዱ ጥግ ላይ ሳላየው ቢሞት ማን ነው የሚጠየቀው?

ይሄን ሁሉ ካልኩ በኋላ ግን የአራብሳዋ፣ አንቺ የነገርሽን ነገር ምንም ሰበብ የለውም። የአምቡላንሱን በር ሳይከፍቱ መመለስ አይቻልም። ትሪያጅ የሚባለው ነገር የመጣው ለዚህ ነው። ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ ግፊት፣ ሙቀት፣ ንቃቷ ይታያል፣ ቀይ ወይ ብርቱካናማ ወይ ቢጫ ወይ አረንጓዴ ተብላ ትለያለች። የሚፈጀው ደቂቃዎች ነው። ስኳር ያለባት ሴት ስታስመልስ ውላ ትንፋሿ ፈጥኖ ከተምታታባት፣ ቀይ ባትሆን እንኳን ብርቱካናማ ናት። ጣቷን ወግቶ ስኳሯን ማየት፣ መስመር ከፍቶ ፈሳሽ መጀመር አልጋ አይጠይቅም። አምቡላንሱ ውስጥም ይሠራል። ከዚያ ላይዘኑ (ሪፈር የሚያስተባብረው ሰው) ደውሎ ተቀባይ ሆስፒታል ያፈላልጋል፣ ሲገኝ ወረቀት ተጽፎላት ትሄዳለች። ሪፈር ማለት እሱ ነው። እናንተ ላይ የተደረገው ማባረር ነው።

ደጃፍ ላይ ማስተኛት የተባለውን ግን እባካችሁ አታድርጉ። ከአምቡላንሱ ኦክሲጅን ነቅላችሁ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ታስቀምጧታላችሁ፣ አምቡላንሱ ይሄዳል፣ ውስጥ ያለነው ደግሞ ምን እንደሆነች የሚነግረን ባለሙያ አጣን ማለት ነው። ዓይናችን አያየውም ደግሞ። ድንገተኛ ክፍል በረንዳ ላይ ምን ያህል ሰው እንደሚተኛ ታውቃላችሁ።


ሳይረን

አምቡላንስ ላይ ነው የምሠራው። ሲስተር ያለችው ሁሉ ልክ ነው፣ እኔ ከመኪናው በኩል ያለውን ልጨምር።

ማዞሩን አልቃወምም። እንዲያውም ቀን ከሌት የምለምነው እሱን ነው። አያት አደባባይ ላይ እያለሁ አንድ ሰው ደውሎ «እነ እንትና ጋ ሲቲ ስካን ተበላሽቷል፣ ወዲያኛው ሂድ» ቢለኝ ግንባሩን እስመዋለሁ። ችግሩ የሚነገረኝ በር ላይ መሆኑ ነው። መገናኛን አልፌ፣ ያ ሁሉ ነዳጅ ነዶ፣ ታማሚው ከኋላ እያጣጣረ፣ ከዚያ ነው ጥበቃ መስኮቴን አንኳኩቶ «ሞልቷል» የሚለኝ። ሙላቱ እኮ ጠዋትም ነበር! ማን ነገረኝ?

ታዲያ ምን እናደርጋለን፣ የምናውቃቸው ነርሶች ጋ በግል ስልካቸው እንደውላለን። «ሲስተር፣ ዛሬ እንዴት ናችሁ?» እንላለን። የምታውቀው ሰው ተረኛ ካልሆነ ዕድልህን ትሞክራለህ። አሠራር ብለህ የምትጠራው ነገር አይደለም፣ ግን ሰው አትርፈንበታል።

ሌላው ማንም የማያወራው ነገር ስትሬቸር ነው። ሆስፒታሉ ተቀበለኝ እንበል። አልጋ ስለሌለ ታማሚው በኔ ስትሬቸር ላይ ይቆያል። ስትሬቸር የሌለው አምቡላንስ ደግሞ ባዶ ሚኒባስ ነው። እሱን እስኪመልሱልኝ ግቢ ውስጥ ተገትሬ እጠብቃለሁ። በዚያ ሰዓት አራብሳ ላይ፣ አባዶ ላይ፣ ካራ ላይ ሌላ ሰው ቢደውል የሚመጣለት እኔ ነበርኩ። መሀል ከተማ ያለ ሰው አንዱ አምቡላንስ ቢያዝ ሌላ ይደርስለታል። ጫፍ ላይ ያለው ነው የሚቀጣው፣ ስንሄድም ስንመለስም።

ለቤተሰብም አንድ ነገር ልናገር። እባካችሁ «ጥቁር አንበሳ ካልወሰዳችሁን» አትበሉን። ሁሉም ሰው እዚያ ልውሰድ ካለ እዚያ ያለው ሰልፍ አያልቅም። ለመኪና አደጋና ለቃጠሎ አቤት ሆስፒታል አለ፣ ለዚያው ተብሎ የተቋቋመ ነው። አለርትም አደጋ ያክማል። ለወላድ ጋንዲ አለ። ባለሙያው «እዚህ ይሻላል» ሲላችሁ የሆነ ነገር አውቆ ነው።


ከቦስተን

እኔ እዚህ ቦስተን አካባቢ ሆስፒታል ውስጥ ነው የምሠራው። ሐኪም አይደለሁም፣ ቴክኒሻን ነኝ። ጠያቂዋ የውጭውን ስላነሳሽ እኔ የማውቀውን ልበል።

አዎ፣ አሠራሩ አለ። ዳይቨርሽን ይባላል። ድንገተኛው ሲጨናነቅ ሆስፒታሉ ለአምቡላንስ አስተባባሪዎቹ ያሳውቃል፣ ለተወሰነ ሰዓት አምቡላንሶች ወደ ሌላ ሆስፒታል ይላካሉ። ልብ በሉ፣ የሚነገረው ለአስተባባሪው ነው፣ መኪናው ሳይደርስ። አንዴ የሆስፒታሉን ግቢ ከረገጠ ግን አበቃ። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ፣ በር የደረሰ ድንገተኛ ታማሚ ገንዘብ ኖረውም አልኖረውም መታየትና መረጋጋት አለበት ይላል። አምቡላንሱም ግቢ ከገባ እንደ ደረሰ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ የአራብሳዋ፣ ያንቺ አክስት እዚህ ቢሆን ኖሮ ያቺ ነርስ በር ሳትከፍት ብትመለስ ሆስፒታሉ ፍርድ ቤት ነበር የሚቆመው።

ግን ዳይቨርሽን ራሱ እዚህ ጥሩ ስም የለውም። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ውስጥ አምቡላንስ ከግማሽ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ወደ ሌላ ሆስፒታል ዞሯል። በየደቂቃው አንድ ማለት ነው። ካሊፎርኒያ ላይ በተሠራና እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት፣ ድንገተኛ የልብ ድካም (ሃርት አታክ) በያዛቸው ቀን በቅርባቸው ያለው ድንገተኛ ለረጅም ሰዓት ዝግ የነበረባቸው ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ በብዛት ሞተዋል። ካናዳም አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 መጀመሪያ ቶሮንቶ አካባቢ አስም ያለበት የ18 ዓመት ልጅ፣ ቅርቡ ያለው ሆስፒታል አምቡላንስ ወደ ሌላ አዙሩ ብሎ ስለነበር ራቅ ወዳለ ተወስዶ ሞተ። አገር ያናወጠ ጉዳይ ነበር፣ ሕዝባዊ ምርመራ ተካሂዶበታል።

የኛ ግዛት ማሳቹሴትስ ምን አደረገ፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 2009 ጀምሮ ዳይቨርሽንን ከለከለ። ከአሜሪካ የመጀመሪያው ነው። እሳት ከተነሳ፣ መብራት ከጠፋ፣ እንደዚያ ዓይነት የውስጥ አደጋ ካለ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ያኔ ሁሉም «ልንታፈን ነው» ብሎ ነበር። ኋላ የቦስተን አካባቢ ሆስፒታሎች ሲታዩ የታካሚው ቆይታ አልባሰም። ለምን? እንደኔ እንደኔ ማምለጫው በር ስለተዘጋ ነው። አምቡላንስ ማዞር ሲቻል ዋርድ ላይ ያለው ሐኪም ታካሚውን ዛሬ ሳይሆን ነገ ቢያሰናብት ማን ይጠይቀዋል? መጨናነቁ የድንገተኛው ችግር ብቻ ነበር። ማዞር ሲከለከል የሆስፒታሉ ሁሉ ችግር ሆነ፣ አልጋ በጠዋት ማስለቀቅ ተጀመረ። ኒውዮርክ ደግሞ ስቶኒ ብሩክ የሚባል ሆስፒታል አለ፣ ድንገተኛው ሲሞላ ይተኛ የተባለውን ታካሚ ለየዋርዱ አንድ ሁለት እያደረጉ ኮሪደራቸው ላይ ያስተኙታል። ሠላሳ ሰው አንድ ድንገተኛ ኮሪደር ላይ ከሚከመር ለሁሉም ይከፋፈል ነው ነገሩ።


ብሎክ 87

ቦስተን ወንድሜ፣ ትምህርቱ ጥሩ ነው፣ ግን ማሳቹሴትስና አራብሳን ምን አገናኛቸው? እናንተ ጋ ስልክ የሚያነሳ አስተባባሪ አለ። እዚህ አስተባባሪው የሳይረን ስልክ ባትሪ ነው። ባትሪው ሲያልቅ ሥርዓቱ ይዘጋል።


ከቦስተን

ሃሃ እሱስ ልክ ነህ። ግን እኔ ያመጣሁት ሀብታሙን አገር ለማወደስ አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒውን ነው። ስልኩም፣ ኮምፒውተሩም፣ አስተባባሪውም እያለ ማዞሩ አልሠራም ነው የምለው። አንዱ ሲዘጋ የሱ ታማሚ ጎረቤቱን ይሞላል፣ ጎረቤቱም ይዘጋል። ሁሉም ከዘጋ ደግሞ ማንም አልዘጋም ተብሎ በየተራ ይቀበላሉ፣ ብዙ ቦታ ደንቡ እንደዚያ ነበር። ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን ተዘጋ?


የሌሊት ተረኛ

ለየዋርዱ አንድ ሁለት ያልከውን ሐሳብ ስብሰባ ላይ ባነሳው በማግስቱ ዝውውር መጠየቅ ይኖርብኛል፣ የዋርድ ነርሶቹ በሕይወት አይለቁኝም። ግን ልክ ነው። ዋርዱ «አርባ አልጋ አለን፣ አርባ ሰው አለን፣ በቃ» ማለት ይችላል። እኛ ማለት አንችልም። ሕንፃው አንድ ሆኖ ሳለ ቁጥር የሌለው ክፍል የኛ ብቻ ነው።

ሳይረን እንዳለው ቀድሞ ደውሎ የሚነግር ማዕከል ቢኖር በጣም ነበር የሚጠቅመው፣ በተለይ ሲቲ ተበላሽቶ ወይ ኦክሲጅን አልቆ ሲሆን። እንደዚያ ባለ ቀን መምጣታቸው ራሱ ጉዳት ነው፣ ቀድሞ ማዞር ተገቢ ነው። ለመጨናነቅ ግን ሁሉም ሆስፒታል በሞላበት ሌሊት ማዕከሉ ወዴት ነው የሚልከው? ስንት ሌሊት እንደዚያ እንደሆነ ሳይረን ያውቀዋል።

ሌላም አለ። ወደ ድንገተኛችን የሚመጣው ሰው አብዛኛው በአምቡላንስ አይደለም የሚመጣው። በታክሲ፣ በራይድ፣ በጎረቤት መኪና፣ ከናንተ ሰፈር ከሆነ እስከ አስፋልቱ ድረስ በባጃጅ። ዘመድ ደግፎት በእግሩ የገባውን ሰው ማንም ወደ ኋላ አይመልሰውም፣ ገብቷል። ስለዚህ አምቡላንስ ስትመልስ ከወረፋው የቀነስከው ጥቂቱን ነው። የመለስከው ግን ብዙ ጊዜ ከሁሉም የባሰውን። በዚያ ሌሊት በእግሩ ገብቶ ለጉሮሮ ቁስል አልጋ ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ሰው ነበር ብዬ እወራረዳለሁ። አክስትሽ ግን በር ላይ ነበረች።

ይሄ ነገር የሚያናድደኝ እኛው መሥሪያ ቤት ውስጥም ስለሚደረግ ነው። አምቡላንስ መመለስ ቀላል ነው፣ ታማሚው አይታይም፣ መዝገብ ላይ አይገባም፣ ቢሞትም የሚሞተው ሌላ ቦታ ነው።


አንቀጽ

የሕግ ሰው ነኝ፣ በአጭሩ።

ድንገተኛ ሕክምናን በሚመለከት ሁለት ነገር ያዙ። ደንብ ቁጥር 299/2006 የመንግሥትም ሆነ የግል ጤና ተቋም ድንገተኛ ታማሚን ቅድሚያ ክፍያ ሳይጠይቅ በአቅሙ እንዲረዳ ያስገድዳል። ስለዚህ ሰፈራችሁ አጠገብ የግል ሆስፒታል ካለና «መጀመሪያ ዲፖዚት አስይዙ» ካለ ሕጉ ከሱ ጋር አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ አንቀጽ 537 ላይ ከባድ ችግር ላይ ላለ ሰው ያለ በቂ ምክንያት ሕክምና የከለከለ የሕክምና ባለሙያን ይቀጣል። በችግር ላይ ያለን ሰው መርዳት እየቻለ ስላልረዳ ማንኛውም ሰው ደግሞ አንቀጽ 575 አለ።

ግን አትሳሳቱ። «በቂ ምክንያት» የምትለው ቃል ሰፊ ናት። ሆስፒታሉ ኦክሲጅን አልነበረኝም ቢል ሊያሸንፍ ይችላል። ታማሚዋን ሳያይ አልነበረኝም ካለ ግን ይከብደዋል፣ ምን እንደሚያስፈልጋት እንኳን ሳያውቅ የለኝም ማለቱ ነዋ። ስለዚህ በር ላይ አንቀጽ እየጠራችሁ ከጥበቃ ጋር አትጨቃጨቁ፣ እሱ የታዘዘውን ነው የሚያደርገው። «ተረኛ ሐኪም ወይም ላይዘን መጥቶ ይያትና እሱ ራሱ የለም ይበለን» በሉ። የመጣውን ሰው ስምና ሰዓቱን ጻፉ። አንዳንዴ እስክሪብቶ ማውጣታችሁ ብቻ በር ያስከፍታል።


የአራብሳዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ከጠበቅኩት በላይ ነው የመለሳችሁልኝ። አንቀጽ፣ እስክሪብቶውን ከዛሬ ጀምሮ ቦርሳዬ ውስጥ አደርጋለሁ።

ሲስተር አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጎረቤታችን «መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ብትወስዷት ኖሮ» አለችኝ። እኔ ግን አምቡላንስ እጄ ላይ እያለ ጤና ጣቢያ መቆም ጊዜ ማባከን መሰለኝ። ምን ትያለሽ?


የሌሊት ተረኛ

እንደ ሕመሙ ነው። ጎረቤትሽ በአክስትሽ ጉዳይ ልክ ናት።

ስኳር ያለበት ሰው ሲምታታበት ሁለት ተቃራኒ ነገር ሊሆን ይችላል። ስኳሩ በጣም ወርዶ ሊሆን ይችላል፣ በጣም ወጥቶም ሊሆን ይችላል። የወረደ ከሆነ ቶሎ ግሉኮስ ካላገኘ አእምሮው ሊጎዳ ይችላል። የወጣ ከሆነ እንደ አክስትሽ ያስመልሰዋል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ሰውነቱ ውሃ ያጣል፣ ፈሳሽና ኢንሱሊን ይፈልጋል። ሁለቱን የሚለየው ጣት ወግቶ የሚያየው ትንሿ መለኪያ ነው። እሱ ጤና ጣቢያ አለ፣ ግሉኮሱም ፈሳሹም አለ። ብዙዎቹ ጤና ጣቢያዎች ሌሊትም ድንገተኛና ማዋለጃ አላቸው። ያቺ አክስትሽ ፈሳሽ ተጀምሮላት ብትጓዝ ኖሮ ያ ሁሉ መዞር ያን ያህል አይጎዳትም ነበር። አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ የሚደማ ቁስል፣ ምጥም እንደዚያው ነው፣ መጀመሪያ ቅርብ ያለው እጅ ይንካቸው።

ጭንቅላቱን የተመታ፣ አንድ ጎኑ ድንገት የሰነፈበት፣ ደረቱን አጥብቆ የያዘው ሰው ግን ጤና ጣቢያ ባያቆመው ይሻላል፣ እዚያ የሚሠሩለት ብዙም የለም። መንገድ ላይ መተንፈስ ካቃተው ብቻ።

የጤና ጣቢያው ሌላ ጥቅም ወረቀቱና ስልኩ ነው። ከዚያ ሆነው ላይዘን ጋ ደውለው ተቀባይ ካገኙ በር ላይ የምትደርሺው እንደ ድንገተኛ እንግዳ ሳይሆን እየተጠበቅሽ ነው። «ማን ተቀበለን? ስሙ ማነው?» ብለሽ ጠይቂና ያዢ። ስም የሌለው መቀበል መቀበል አይደለም።

የስኳሩን መለኪያ ደግሞ ቤት ግዙ። እስትሪፑ ይወደዳል አውቃለሁ። አክስትሽ ነቅታ መዋጥ እየቻለች ከተምታታባትና መለኪያ ከሌለ የተበጠበጠ ስኳር ስጧት፣ ወጥቶ ቢሆን እንኳን ያን ያህል አይጎዳትም፣ ወርዶ ከሆነ ያድናታል። ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም እንዳትሰጧት፣ ያንቃታል።


ብሎክ 87

እሺ ሲስተር፣ ደጃፍ ላይ ማስተኛቱን ትቼዋለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ ስልኩ የቱ ነው? አንዱ ይሄን ይላል፣ አንዱ ያንን። እኛ ኮንደሚኒየም ኮሚቴ ልንለጥፈው ነው።


ሳይረን

ቀይ መስቀል 907። እሳትና አደጋ ሥራ አመራር 939፣ እሱም አምቡላንስ አለው። በክፍያ ከሆነ ጠብታ 8035። አንዱ ካልተነሳ ወደ ሌላው፣ ሁለት ስልክ ይዛችሁ በአንዴ ብትደውሉም ነውር የለውም፣ ግን አንደኛው ሲደርስ ሌላውን ደውላችሁ አስቀሩት። ለናንተ የተላከ ሁለተኛ መኪና ለሌላ ሰው የታጣ መኪና ነው።

ስትደውሉ በመጀመሪያ ሕመሙን ተናገሩ፣ የዘመዱን ዝምድና በኋላ። «አባቴን ታደጉልኝ» ብቻ ብሎ የሚዘጋ ሰው አለ። ይተነፍሳል ወይ፣ ያናግራል ወይ፣ ይደማል ወይ፣ ይሄ ነው የሚያስፈልገኝ። የሚወስደውን መድኃኒት በፌስታል አድርጋችሁ አዘጋጁ፣ ካርዱ ካለም ካርዱን።

ኮሚቴው የሚለጥፍ ከሆነ ይሄንንም ጨምሩበት። እናንተ ጋ የብሎክ ቁጥር በሌሊት አይታይም፣ ግማሹ ቀለሙ ለቋል፣ ከዋናው መንገድ ከተገባ በኋላ ሁሉም ሕንፃ አንድ ነው። ብሎክ እየፈለግኩ ስዞር ያጠፋሁት ጊዜ መገናኛ ላይ ካጠፋሁት የማይተናነስበት ሌሊት አለ። አንድ ልጅ ስልኩን አብርቶ አስፋልቱ ጋ ይቁም። ጠንካራ ጎረቤት ደግሞ ደረጃው ላይ ይጠብቀን፣ አራተኛ ፎቅ ሊፍት የለም፣ እኛ ሁለት ነን።


ብሎክ 87

የብሎክ ቁጥሩን ቅዳሜ እናስቀባዋለን። ቀለም የሚያዋጣ ካለ በውስጥ ይጻፍልኝ።